ሃምሳ አለቃ እንድሪስና የሕመም ፉከራ

የሃምሳ አለቃ እንድሪስን መሞት የነገረኝ ሰው ሦስት ጊዜ መናገር ነበረበት። ወፍጮዬ ሲጮህ ሰው አይሰማም። ሞጣ ውስጥ ከኔ ወፍጮ በላይ የሚጮህ ነገር የለም፣ ከራሴ በቀር። ሰውየው የወሎ፣ የሐይቅ ልጅ ነው፣ ሾፌር። ከባሕር ዳር ሰው አምጥቶ መኪናው እስኪሞላለት ድረስ እኔ ደጃፍ ጥላ ሥር ይቀመጣል። በሦስተኛው ሞተሩን አጠፋሁት። እህል ይዘው ወረፋ የቆሙት ሁሉ ዞረው አዩኝ፤ እኔ በሥራ ሰዓት ሞተር ያጠፋሁት እናቴ የሞተች ቀን ብቻ ነበርና።

«ማን ሞተብህ አያሌው?» አሉኝ አንዲት እናት።

«ሐኪሜ።»

«አንተ ደግሞ መች ታመህ ታውቅና ነው ሐኪም ያለህ?»

እውነታቸውን ነው። በዚህ ከተማ «አያሌው ታሞ አያውቅም» ይባላል። ያስወራሁትም እኔው ነኝ። አስተማሪ ሳይኖረኝ ሞተር ፈትቼ የገጠምሁ፣ ፊደልን ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ለቅሜ ያወቅሁ ሰው ነኝና ትንሽ ብኮራ አይፈረድብኝም። ዛሬ ግን የማወራው የሌላ ሰው ነገር ነው። የኔ ጉራ መሀል መሀሉን ከገባባችሁ እንደ እንክርዳድ እየለቀማችሁ እለፉት።

ነገሩ በጃንሆይ ዘመን ነው፣ ወደ ማለቂያው ገደማ። ቢቸና አጠገብ የምልምል ወታደር ማሰልጠኛ ነበረ። ማሰልጠኛ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሁለት ረጃጅም የቆርቆሮ ቤት፣ አንድ ሜዳና አንድ ባንዲራ ነው። እኛ ምልምሎቹ የጎጃም ልጆች ነን። ከሞጣ እኔና ጓደኛዬ ቢያድግልኝ፣ ከአምበር አካባቢ ብዙ ልጆች፣ ከደብረ ኤልያስ ደግሞ ቅኔ ቤት ጥለው የመጡ አፈኞች ነበሩ። አዛዡ ሻምበል ነው። ሸዌ፣ ረጅም፣ ጫማው ላይ ፊትህን የምታይበት ዓይነት ሰው።

ሃምሳ አለቃ እንድሪስ የማሰልጠኛው ድሬሰር ነበሩ። ቁስል ያጥባሉ፣ መርፌ ይወጋሉ፣ ክኒን ያድላሉ። ወሎዬ እስላም ናቸው። አጠር ያሉ፣ ቀጠን ያሉ፣ ድምፃቸው ከፍ የማይል። እሳቸው ሲናገሩ ለመስማት ሰው ዝም ማለት ነበረበት፤ እኔን ዝም ያሰኙኝ የመጀመሪያው ሰው ናቸው። የቀኝ አውራ ጣታቸው እንደ ማንኪያ ጠፍጣፋ ነበረች። እሷን ጣት ቅልጥምህ ላይ ያሳርፉና ቀስ እያሉ ወደ ታች ይወርዳሉ፤ የሚያምህ ቦታ ስትደርስ አንተ ባትጮህም ጣቲቱ ትቆማለች። እንዴት እንደምታውቅ እኔ አላውቅም።

የመጣነው በቅበላ ሰሞን ስለነበር ወዲያው ሁዳዴ ገባ። ጾሙ ለሃምሳ አለቃ ተመቻቸው። በፍስኩ ጊዜ የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ ስለሚለያይ ብቻቸውን ነበር የሚበሉ። ሁዳዴ ሲገባ ግን ሁሉም ሽሮ ሆነ፤ ሽሮ ደግሞ ሃይማኖት የለውም። ከኛ ትሪ ቀርበው ይበሉ ጀመር። «እናንተ በጾማችሁ እኔ ጓደኛ አገኘሁ» ይሉ ነበር።

ጠዋት ጠዋት በር ላይ ይቆማሉ። ሌላ ሐኪም ምላስህን አውጣ ይልሃል። እሳቸው የሚጠይቁት ሌላ ነው።

«አያሌው፣ ምን አለምህ?»

«ምንም አላለምሁም፣ ሃምሳ አለቃ።»

«እንግዲያው አልተኛህም።»

«ጀግና አያልምም።»

«ያልተኛ ጀግና ሳምንት ነው የሚቆይ። በሚቀጥለው ሳምንት በቃሬዛ እሸከምሃለሁ።»

ሕልም ያላለመውን መዝግበው ከሩጫ ለማስቀረት እንደሚሞክሩ ስናውቅ ሁላችንም ሕልም መፍጠር ጀመርን። አንዱ የደብረ ኤልያስ ልጅ አንድ ጠዋት አንበሳ፣ ሁለት ባሕርና አንዲት ነጭ በቅሎ ያለበት ሕልም ነገራቸው። እስኪጨርስ በትዕግሥት ሰሙትና «ይሄን ለማቀናበር ብቻ ሌሊቱን ሙሉ ፈጅተሃል። ሂድ ተኛ» አሉት።

ሁልጊዜ የሚሏት አንዲት ነገር ነበረች። «ሌባ የሚገባ ዘበኛው ሲተኛ ነው። በሽታ ግን ዘበኛው ሳይተኛ ሲቀር ነው የሚገባ።» ይሄን ከሐኪም ቤት ይስሙት ራሳቸው ያውጡት አላውቅም። ብጠይቃቸው «መጽሐፍ ላይ አላየሁትም፣ ሰው ላይ ነው ያየሁት» አሉኝ።

ቢያድግልኝ ላይ እኔም አየሁት። ይሄ ልጅ ከመጣን ጀምሮ ሳል ያዘው። ክኒን ሰጡት፣ ሽሮፕ ሰጡት፣ ጀርባውን በቅባት አሹት፤ ወይ ፍንክች። እንደ ውሻ ሲያስል ያመሻል። አንድ ቀን ሃምሳ አለቃ አጠገቡ ተቀመጡና ስለ ሳሉ ሳይሆን ስለ ቤቱ ጠየቁት። ለካ አንዱ በሬያቸው ታሞ ትቶት ነው የመጣ። የእርሻው ጊዜ ደርሷል፣ አባቱ ሽማግሌ ናቸው፣ በሬው ይሙት ይዳን ወሬ የለም።

«ማን ያውቃል ስለ በሬው?»

«ከአገሬ ለገበያ ቢቸና የሚመጡ አሉ።»

በገበያው ቀን ፈቃድ አስወጥተው ላኩት። ሲመለስ ከሩቁ እየዘፈነ ነው። በሬው ድኗል። ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን አስሎ ተወው። እኔ ሳቅሁበት፤ «ቢያድግልኝ የበሬ ሳል ነበር የያዘው» እያልሁ ሠፈሩን አዳረስሁት። ሃምሳ አለቃ ሰምተው «ሳቅ፣ ሳቅ። ያንተም በሬ ተራው ይደርሳል» አሉኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ሻምበሉ «በወታደር ቤት ጾም የለም፣ ቄሱም ፈቅደዋል» ብሎ ነበር። ጠዋት ገና ሳይነጋ ሻይና ዳቦ ይታደላል፣ ከዚያ ጠመንጃና ስንቅ ተሸክመን ዳገት እንሮጣለን። እኛ ደግሞ የጎጃም፣ የእነሴና የእነማይ ልጆች፣ ቄስ ፈቀደም አልፈቀደ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት እህል በአፋችን አይዞርም። እምቢ ማለት ደግሞ በትዕዛዝ ያስቀጣል። እና ዳቦውን እንቀበላለን፣ አመስግነን ኪሳችን እንከታለን፣ በባዶ ሆድ እንሮጣለን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ እናወጣዋለን። ሦስት ሳምንት ሙሉ ማንም አላወቀብንም።

ያወቁብን ቁራዎች ናቸው። ስንሮጥ ዳቦው ከኪሳችን ይፈረፈራል። የዳገቱ ቁራ ሁሉ ከኋላችን ተሰልፎ ይከተለን ጀመር። ሻምበሉ ከሰንደቁ ሥር ቆሞ በመነጽር ሲያይ ደስ ይለዋል፤ «ወፉም ይከተላቸዋል» ይላል። ሃምሳ አለቃ ግን አንድ ጠዋት በኋላችን ብቻቸውን ዳገቱን ወጡ። ሲመለሱ መዳፋቸው ሙሉ የዳቦ ፍርፋሪ ነበር። ለማንም አልተናገሩም። እኛን አንድ በአንድ እያዩ ብቻ አለፉ።

እንቅልፉም እንደዚያው ነበር። አንድ ቤት ውስጥ ሠላሳ ሰው። ቀን ባዶ ሆዱን የሮጠ ሰው ማታ ሆዱ ከሞላ በኋላ ፉከራ ያምረዋል። እኔ ደግሞ ፉከራ ካማረኝ ከኔ የሚበልጥ አልነበረም። ሠፈሩን አስነቅቼ አድራለሁ። በዚያው ሰሞን ሰው መውደቅ ጀመረ። ጉንፋን ከአንዱ ወደ አንዱ እንደ ወሬ ይዛመታል። ትንሽ የጫማ ቁስል መግል ትይዛለች፣ አትደርቅም። በርካታ ልጆች ደግሞ ቅልጥማቸውን ይዘው ያነክሳሉ፤ ሰው ሲያይ ግን ቀጥ ይላሉ። እኔም አንዱ ነበርሁ። የግራ ቅልጥሜ በሮጥሁ ቁጥር እሳት ይተፋል። ለማን እናገራለሁ? «አያሌው አመመው» ሊባል?

ሃምሳ አለቃ አሰለፉንና «እግሩን የሚያመው አንድ እርምጃ ወደፊት» አሉ። አንድ ሰው አልተነቃነቀም። «የሚያስለው?» ዝም። ሰልፉ ውስጥ አንዱ ሳሉን ሊውጥ ሲታገል ዓይኑ ቀላ። ጎጃሜን አመመኝ በል ማለት ሚስቴ ትመታኛለች በል ማለት ነው።

ሃምሳ አለቃ ትንሽ አሰቡ። ከዚያ ደብተራቸውን ገለጡና ድምፃቸውን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ከፍ አደረጉ።

«ጥሩ። እንግዲያው ዛሬ ፉከራ ነው። ከባድ ሕመም ይዞ ማንም ሳያውቅበት ሥራውን የሠራ ጀግና ማነው? ይውጣና ይናገር። ከሁሉ የበለጠውን እኔ እጽፈዋለሁ።»

 ከዚያ የደብረ ኤልያሱ ልጅ ዘሎ ወጣ። «ተረከዜ ተልጦ ዳገት የወጣሁ፣ ካልሲዬ ከሥጋዬ ጋር የተሰፋ!» አለና ተንጎራደደ። ሠፈሩ አጨበጨበ። ሃምሳ አለቃ «ጎበዝ» ብለው ጻፉ። ሌላው ተከተለ፤ «ሳሌን በትራስ አፍኜ ያደርሁ!» ብሎ። «ይሄም ጎበዝ ነው» ጻፉ። አንዱ ትኩሳቱን ሸለለ፣ አንዱ ወገቡን፣ አንዱ ጉልበቱን። ቢያድግልኝ የሚፎክርበት ሕመም ስላጣ አፍሮ ቆመ። እኔ መቻል አቃተኝ። ጠመንጃዬን ከፍ አድርጌ መሀል ገባሁ።

«ቅልጥሜ ተሰንጥቆ ሦስት ሳምንት የሮጥሁ፣
ጫማዬ ደም ሲጠጣ እኔ ውሃ የጠጣሁ!»

ሠፈሩ ተነቃነቀ። ይሄን ያህል እልልታ ከዚያ ወዲያ አግኝቼ አላውቅም። ሻምበሉ ጩኸቱን ሰምቶ ከቢሮው እየሮጠ ወጣ፤ ፊቱ በርቷል። «ይሄ ነው ወታደር! ይሄ ነው ሞራል!» እያለ መጣ። ሃምሳ አለቃ ሰላምታ ሰጡና ደብተሩን አቀበሉት። ወደኛ ዞረው ደግሞ፣ በዚያች ዝቅ ባለች ድምፃቸው፣

«እንግዲህ ጀግኖቼ፣ እዚህ ደብተር ላይ የተጻፈ ሁሉ ዛሬ አይሮጥም» አሉ።

ቢያድግልኝ ጆሮዬ ሥር «ተበላችሁ» አለኝ።

ሻምበሉ ስሞቹን ቆጠረ። ከግማሽ እንበልጣለን። «እነዚህን ልጆች ጤነኛ አስረክቤህ በግማሽ ቀን ድውይ አደረግሃቸው?»

«ጌታዬ፣ ከታመሙ ቆይተዋል። የነገሩን ዛሬ ነው።»

«ኮሎኔሉ ሞጣ ላይ ሊያየን የቀረው አሥራ አምስት ቀን ነው። ከዚህ ሞጣ በእግር ነው የምንገባ። ተኝተው ሊገቡ ነው?»

«እስካሁን እንደሮጡት ከሮጡ ግንደወይን ሳይደርሱ ግማሹን እኔ እሸከማለሁ። አሥራ አምስቱን ቀን ለኔ ይስጡኝ።» ከዚያ ስለ ዳቦውና ስለ ቁራዎቹ ነገሩት። ሻምበሉ ቀልቶ ወደኛ ዞረ፤ ሃምሳ አለቃ ግን ፊቱ ቆሙ። «አይቅጧቸው። አይበሉም፤ ብንገርፋቸውም አይበሉም። ሰዓቱን እንቀይር። እኔም የምጾምበት ወር አለኝ፤ ባዶ ሆድ የሚለውን አውቃለሁ።»

«አንድ ሰው ቢወድቅብኝስ?»

ሃምሳ አለቃ ክንዳቸውን አሳዩት። ሦስት የማዕረግ ሰረዝ አለች። ሦስተኛዋን ለማግኘት ዘጠኝ ዓመት እንደጠበቁ ሁላችንም እናውቃለን። «ሞጣ ስንገባ አንድ ሰው ቢወድቅ አንዷን ይውሰዱ» አሉ።

«ሰማችሁ?» አለን ሻምበሉ። ሰማን።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ሁሉ ተገለበጠ። ሩጫው ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ፣ ከበላን ወዲያ ሆነ። ጠዋት ጥላ ሥር ተቀምጠን ጠመንጃ መፍታትና መግጠም ነው፤ የኔ የሞተር ጥበብ የጀመረ እዚያ ነው፣ ይሄን እለፉት። ከመሸ ፉከራ የለም። ሳምንት አንድ ቀን ማንም አይሮጥም። ከቤቱ ወሬ የናፈቀው ለሃምሳ አለቃ ይነግራል፤ እሳቸው ደብዳቤ ይጽፋሉ፣ ወይ የገበያ ሰው ይጠይቃሉ። ቅልጥሙ የታመመ ደግሞ ድስት ይጠብቃል። እኔ ድስት ጠባቂ ሆንሁ። አያሌው፣ የፉከራው አለቃ፣ ሽሮ ሲያማስል አስቡት።

በሳምንቱ ሳሉ ጋብ አለ። የተረከዙ ቁስል ደረቀ። ቁራዎቹ ሁለት ቀን ዳገቱ ላይ ተቀምጠው ጠበቁና ተስፋ ቆርጠው ሄዱ። ቢያድግልኝ ጉንጭ አወጣ። ሻምበሉ ደግሞ አንድ ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ አንዱን ልጅ «ምን አለምህ?» ሲለው በጆሮዬ ሰማሁት።

ወደ ሞጣ ተነሣን። ሦስት ቀን ነው። እኔ የኋላው ጭነት መኪና ላይ፣ ከድስቶቹ ጋር። ሃምሳ አለቃ በእግር ነው የሚሄዱ፣ ከሰልፉ ኋላ፣ ሳጥናቸውን አንግተው። ደብረ ወርቅ አንድ ሰው አልወደቀም። ግንደወይን አልወደቀም። ቀራንዮን አለፍን፣ አልወደቀም። ሰልፉ እየዘፈነ ነው የሚሄድ። ሃምሳ አለቃ መኪናው አጠገብ ሲደርሱ ቀና ብለው «አያሌው፣ ካንተ በቀር ጭንቀት የለብኝም። ከዚያ ላይ እንዳትወርድ» አሉኝ።

«እሺ» አልሁ። እሺ ማለቴን አስታውሱልኝ።

ሞጣ መግቢያ ላይ መኪናው ውሃ ሊቀዳ ወንዝ ዳር ቆመ። ከከተማው ከበሮ ይሰማል። የሞጣ ሰው መንገድ ዳር ወጥቷል። ምልምል ሆኜ ስሄድ ለሞጣ ሰው ሁሉ «ስመለስ ከፊት ሆኜ ነው የምገባ» ብያለሁ። አክስቴ አለች እዚያ። አንዲት ሌላም አለች፣ ዛሬ ስሟን ብጠራ ባሏ ወፍጮዬ አይመጣም። ከድስት ጋር ልግባ? ሾፌሩ ጎንበስ ሲል ዘልዬ ወረድሁና ከቢያድግልኝ ጎን ገባሁ።

«ማነው ውረድ ያለህ?» አለኝ።

«እግሬ።»

«የተሰነጠቀው አይደለም ወይ?»

«ጤነኛው ነው ያዘዘኝ።»

«አያሌው፣ የሰውየው ሰረዝ...»

«አልወድቅም አልሁህ።»

ከተማዋን ሰንጥቄ ገባሁ። እልልታው! አክስቴ አለቀሰች። ያቺም አየችኝ። ከዚያ ሜዳው ላይ፣ ከኮሎኔሉ ፊት፣ ሻምበሉ «ቁም!» አለ። ሁላችንም ግራ እግራችንን አንሥተን መሬቱን መታነው። ደረቅ እንጨት ሲሰበር የሚሰማውን ድምፅ ሰማሁ። ከየት መጣ ብዬ ሳስብ መሬት ላይ ነበርሁ።

ኮሎኔሉ ደግ ሰው ነው፤ «ፀሐይ ነው» ብሎ አለፈኝ፣ ሰልፉንም አመስግኖ ሄደ። ሻምበሉ ግን ከበላዬ ቆመ። ሃምሳ አለቃ ተንበርክከው እግሬን ይዘዋል።

«ይሄን ልጅ ከመኪና ማን አወረደው?»

እስቲ አስቡት። የኔ አፍ ሠላሳ ሰው አስነቅቶ ያደረ አፍ ነው። ያን ጊዜ ግን ተዘጋ። ትዕዛዝ ጥሶ የወረደ ምልምል ይባረራል፤ ሞጣ ሰው ፊት፣ በዚያው ቀን፣ በእልልታ የገባሁበት መንገድ ልባረር። ቢያድግልኝ አፈጠጠብኝ። 

«እኔ ነኝ ጌታዬ» አሉ ሃምሳ አለቃ። «ይችላል ብዬ። ተሳስቻለሁ።»

ፋሻ የሚቆርጡበትን መቀስ ከሳጥናቸው አወጡና ሦስተኛዋን ሰረዝ ራሳቸው ፈትተው ሰጡት። ከዚያ ተመልሰው እግሬን ማሰር ቀጠሉ።  «ትንሽ ያምሃል» ብቻ አሉኝ።

ቢቸና መለሱኝ። ከከተማ አንድ ወጌሻ አስመጥተው ሁለቱ ተመካክረው በሸምበቆ አሰሩኝ። ከኔ በኋላ አንድ ልጅ ክንዱ ተሰብሮ መጣ፤ ድኖ ሄደ። የኔ አጥንት ግን እምቢ አለ። ፋሲካው አልፎ እንቁላል ይቀርብልኛል፣ ወተት ይቀርብልኛል። ቀኑን ሙሉ እቀልዳለሁ፤ ቤቱ በሳቅ ይፈርሳል። ሲመሽ ዓይኔ ይፈጣል። ሰዉ ሃምሳ አለቃን «አሥር አለቃ» ይላቸው ጀመር። እሳቸው «አቤት» ይላሉ፣ እንደ ድሮው። እኔን ነው ያች ቃል የምትወጋኝ።

አንድ ቀን ጠፍጣፋዋን ጣት ሸምበቆው ሥር አስገቡና ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ።

«አጥንትህ የጎደለው የለም። ትበላለህ። አስተሳሰሩም ልክ ነው። የጎደለህ እንቅልፍ ነው።»

«ትኋኑ ነው» አልሁ።

«እንግዲያው ትኋኑ ማን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። እኔ አልጠይቅህም።»

ብለውኝ ሄዱ። በበነጋው ምርኩዜን ይዤ ሻምበሉ ቢሮ ገባሁ። ሲጽፍ ቀና አላለም።

«ጌታዬ፣ ሞጣ ላይ ማንም ውረድ አላለኝም። ራሴ ነኝ የወረድሁ። አትውረድ ብለውኝ ነበር። እሳቸው የዋሹ ለኔ ነው። ያባሩኝ፣ ሰረዛቸውን ይመልሱላቸው።»

«አውቃለሁ» አለ፣ እየጻፈ።

«እንዴት ያውቃሉ?»

«ሾፌሩ የዚያኑ ዕለት ነገረኝ።»

«ታዲያ ሰረዟን...»

አሁን ቀና አለ። «በሦስተኛው ቀን ጠርቼ እንካ ብየው ነበር። አልቀበልም አለ። 'ልጁ ራሱ መጥቶ እስኪነግርዎ እርስዎ ጋ ትቀመጥ። አሁን ከወሰድኋት ያ እግር አይድንም' አለኝ።» መሳቢያውን ሳበና ሰረዟን ጠረጴዛው ላይ አኖራት። «እኔ አይመጣም ብየው ነበር። ከአርባ ቀን በላይ ተከራከርን። በል ውሰድለት። ስለ መባረሩ እግርህ ሲድን እናወራለን።»

አላወራንም። ይሄን ለሻምበሉ አመሰግነዋለሁ።

ሃምሳ አለቃ ደጃፋቸው ላይ ፋሻ እያጠቡ ነበር።  ሰረዟን በመዳፌ ዘርግቼ ፊታቸው ቆምሁ። አዩኝ፣ እጃቸውን አደራረቁ፣ ሳጥናቸውን ከፍተው ቁስል የሚሰፉበትን ጠማማ መርፌና ክር አወጡ።

«ስፋት» አሉኝ።

«እኔ ስፌት አልችልም፣ ሃምሳ አለቃ።»

«የማትችለው ነገር መኖሩን ዛሬ ሰማሁ። ስፋት።»

ክንዳቸውን ጉልበቴ ላይ አሳርፈው ተቀመጡ። ሁለት ጊዜ ወጋኋቸው፤ አልተነቃነቁም። ጨርሼ ሳያት ሰረዟ እንደ ሰከረ ሰው ወደ አንድ ጎን ዘንብላለች። ልፍታትና እንደገና ልስፋት ብላቸው አልሰጡኝም። ያን ዕለት ወደ አልጋዬ የገባሁት ፀሐይ ሳትጠልቅ ነው፤ የነቃሁት በማግሥቱ ቁርስ ካለፈ በኋላ። ከዚያ ወዲህ እግሩ በየሳምንቱ እየጠነከረ ሄደ። አጥንቱ ጊዜው ደርሶ ይሆናል ትሉኛላችሁ። ይሆናል።

በዓመቱ ወደ ሌላ ጦር ተዛወሩ። የሚሸኝ ሰው ሁሉ ቢቸና ገበያ አጠገብ ተሰብስቦ ነበር። አንድ ልብስ ሰፊ መኪናው እስኪነሣ ጊዜ መኖሩን አይቶ «ሃምሳ አለቃ፣ ያችን ሰረዝ ሳይሄዱ በስፌት መኪናዬ ላቅናልዎት፤ ማነው እንዲህ ያበላሻት?» አላቸው። እኔ ከኋላ ቆሜ አንገቴን ደፋሁ።

ሃምሳ አለቃ ክንዳቸውን በሌላው እጃቸው ሸፈኑ።

«አትነካ» አሉት። «ይሄን የሰፋ ልጅ ያን ቀን ነው እንቅልፍ የወሰደው።»